መሀል ከተማን ከየት ቆመን እንየው?

በልጅነታችሁ ፎቶ ቤት ገብታችሁ የተነሳችሁ ከሆነ ከጀርባ የሚዘረጋውን ትልቅ ሸራ ታስታውሱታላችሁ። ወይ ፏፏቴ ነው፣ ወይ ደግሞ ማታ መብራቱን ያበራ የኒውዮርክ ከተማ ነው። እኛ ቤት አልበም ውስጥ ያለው የአምስት ዓመት ፎቶዬ ሁለተኛው ነው። የላስቲክ አበባ ታቅፌ ቆሜያለሁ፤ ከኋላዬ ማንሃተን አለ። ሸራው ታች በኩል ስለተጨማደደ አንዱ ፎቅ ወገቡ ላይ ጎብጧል። እናቴ ለእንግዳ አልበም ስታሳይ እዚህ ፎቶ ላይ ስትደርስ "ይሄ እንኳን አሜሪካ ሄዶ የተነሳው ነው" እያለች ትቀልዳለች።

ይህ ፎቶ ትዝ ያለኝ ሰሞኑን ዶርም ውስጥ በተነሳ ክርክር ነው። ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነበር። አንዱ ጓደኛችን የስቱዲዮ ሥራውን እየሠራ ቀና አለና "የዱባይን የመሰለ ስካይላይን በዓለም ላይ የለም" አለ። ሌላው "ቺካጎን ረስተህ ነው" አለው። ናይሮቢ ደርሶ የመጣው ልጅ ደግሞ "ኧረ ናይሮቢም ቀላል አይደለችም!" ብሎ ገባበት። ያኔ ነው ነገሩ የከረረው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር፣ የናይሮቢው ብሪታም ታወር 200 ሜትር መሆኑን አነበበልን። በቃ፣ በዘጠኝ ሜትር ምክንያት ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆነ።

በክርክሩ መሀል አንድ ነገር ገረመኝ። እንደዚያ የምንጯጯህላቸውን ከተሞች መሬት የረገጠ ሰው ከመካከላችን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ናይሮቢን። ሌሎቻችን የምናውቀው ፎቶውን ነው። ፎቶ ቤት እንደተነሳሁት ልጅ ሁላችንም ከሸራው ፊት ቆመን ነበር የምንከራከረው ማለት ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ቺካጎ ሄጄ አይደለም። ያነበብኩትን፣ ከሰው የሰማሁትንና የራሴን ከተማ ይዤ ነው።

ስካይላይን የምንለው እንደሚታወቀው የከተማው ሕንፃዎች ጫፍ ከሰማዩ ጋር ሲገናኝ የሚሠራውን መስመር ነው። ይህ መስመር የሚታየው ከሩቅ ነው። ከሐይቅ ማዶ፣ ከተራራ ላይ፣ ከአውሮፕላን መስኮት። እግሩ ሥር ለቆመ ሰው አይታይም። መሀል ከተማን ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። መሀል ከተማ ማለት ከታክሲ ወርደህ የምትሄድበት፣ ቀጠሮ የምትይዝበት፣ ዝናብ ሲመጣ የምትጠለልበት፣ በኪስህ ባለው ብር ምሳ የምትበላበት ቦታ ነው። ሁለቱ ተዛማጅ መስለው ስለሚታዩን አንዱን አይተን ሌላውን እናመሰግናለን። በእኔ እምነት ከሚገባቸው በላይ የተወራላቸው መሀል ከተሞች በአብዛኛው በዚህ ስህተት የተወራላቸው ናቸው።

ከዱባይ ልጀምር፤ ክርክሩም የተጀመረው በእሷ ነው። ቡርጅ ኸሊፋ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ 828 ሜትር ሆኖ የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ሆነ። ምህንድስናው አያስደንቅም የሚል ሰው ካለ እሱ ተማሪ አይደለም። ነገር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. የረጃጅም ሕንፃዎችና የከተማ መኖሪያ ምክር ቤት የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የረጃጅም ሕንፃዎችን ጫፍ መርምሮ ነበር። ሰው ከሚገለገልበት ከመጨረሻው ወለል በላይ ያለውን ቁመት "የከንቱ ውዳሴ ቁመት" የሚል ስም ሰጠው። የቡርጅ ኸሊፋው 244 ሜትር ሆነ። ይህ ማለት ከጠቅላላ ቁመቱ ሩብ በላይ የሚሆነው ማንም የማይገባበት ነው። የእኛ ንግድ ባንክ ሕንፃ መሬት ላይ ቆሞ ከነሙሉ ቁመቱ እዚያ ባዶ ጫፍ ውስጥ ይገባና ትርፍ ይኖራል! ያ ጫፍ የተሠራው ለነዋሪው ሳይሆን ለፎቶው ነው።

አክስቴ ዱባይ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው። እኔ አርክቴክቸር ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለዚህ ሕንፃ ነበር። "እቴቴ፣ ቡርጅ ኸሊፋ ገብተሻል?" አልኳት።

"ምን ልሠራ እገባለሁ?" አለች። "ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ጫፉ ይታየኝ ነበር። አቧራ ያለ ቀን ደግሞ እሱም አይታይም።"

ስለ ከተማው ስጠይቃት የምታወራው ስለ ሌላ ቦታ ነው። ስለ ዴራ። ዴራ ማለት ከአሮጌው ከተማ በኩል ያለው፣ የባሕሩ ወሽመጥ ዳር የሚገኘው ሰፈር ነው። እዚያ አብራ የምትባል ትንሽ የእንጨት ጀልባ ሰውን በትንሽ ሳንቲም ከወዲያ ወዲህ ታሻግራለች። የወርቅና የቅመም ገበያው እዚያ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም እዚያ አለ። የዕረፍት ቀን ባገኘች ቁጥር የምትሄደው እዚያ ነበር። እንጀራ ለመብላት፣ ገንዘብ ለመላክ፣ የአገር ልጅ ለማግኘት። የአክስቴ መሀል ከተማ ዴራ ነው። በየፎቶው የምናየው ዳውንታውን ግን ከባቡር ጣቢያው ወርደህ አየር ማቀዝቀዣ ባለው ረጅም መተላለፊያ ወደ ገበያ ማዕከሉ የምትገባበት ነው። በመንገድ ላይ መሄድ ብዙም አልታሰበበትም። በእርግጥ በሐምሌ ሙቀት ዱባይ ላይ ማን ይራመዳል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን በዴራ ጠባብ መንገዶች ሕንፃው ሕንፃውን ስለሚያጠላው ይራመዳል። ስለዚህ ከሚገባው በላይ የተወራለት መሀል ከተማ የትኛው ነው ብትሉኝ የመጀመሪያ ድምፄን ለዱባይ ዳውንታውን እሰጣለሁ። ለዴራ ግን አይደለም፤ ስለ ዴራ እንዲያውም ከሚገባው በታች ነው የሚወራው።

ቺካጎን ግን መንቀፍ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር። በ1871 እ.ኤ.አ. ከተቃጠለች በኋላ እንደገና ስትሠራ ነው የብረት አፅም ያለው ረጅም ሕንፃ ጥበብ እዚያ ያደገው። በአንደኛ ዓመት የታሪክ ኮርስ የተማርነው ባለ አሥር ፎቁ የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ በ1885 የተሠራው እዚያ ነው፤ በ1931 ፈረሰ። ይህን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ያልተማርነውና እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የቺካጎን ስካይላይን በፎቶ ስታዩት ሁልጊዜ ከፊቱ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ሐይቁና መናፈሻው። ያ ባዶ ቦታ በአጋጣሚ ባዶ የሆነ አይደለም። በ1836 በወጣ የመሬት ካርታ ላይ የሐይቁ ዳር ለዘላለም ክፍት ሆኖ ይቆይ፣ ሕንፃ አይሠራበት የሚል ማስታወሻ ተጽፎ ነበር። ከተማዋ ስታድግ ግን ማስታወሻውን የሚረሳ በዛ። ያኔ ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል፣ በፖስታ ዕቃ እየላከ የሚነግድ ሀብታም ከ1890 እስከ 1911 ድረስ በፍርድ ቤት ተሟገተ። ከተማዋ የምትሠራው ሕንፃ ለሕዝብ ጥቅም ነው ሲሉት "ይሁን፣ ግን እዚያ አይደለም" አለ። ጋዜጦች ሰደቡት፣ ሀብታሞች ጠሉት። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ዛሬ ቺካጎን የሚያደንቅ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ቆሞ የሚያየው ዋርድ ባስከበረው ሜዳ ላይ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ናይሮቢን በሌላ ዓይን ያየሁት። የናይሮቢ ስካይላይን የሚታየው ከኡሁሩ ፓርክ ነው። ጓደኛችን ያመጣው ፎቶም እዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጦ የተነሳው ነው። ከጀርባው በ1973 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ክቡ የኬንያታ ስብሰባ ማዕከል ቆሟል፤ 105 ሜትር ነው፣ አጠገቡ ካሉት አጭር ነው፣ ግን ያለ እሱ ናይሮቢን አትለያትም። ታዲያ በ1989 የዚያን ጊዜው መንግሥት በዚሁ መናፈሻ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ፣ የፕሬዚዳንት ሞይን ትልቅ ሐውልትም ሊያቆም አቅዶ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ለሚኒስትሩ፣ ለውጭ ድርጅቶች። ፓርላማ ውስጥ ተሰደቡ፤ ድርጅታቸው ከቢሮው እንዲወጣ ተደረገ። እሳቸው ግን አልተዉም። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሸሹ፣ ዕቅዱም ተሰረዘ። እኚህ ሴት በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ከተሞች፣ በሁለት አህጉር፣ መቶ ዓመት ተራርቀው፣ ስካይላይናቸው የሚታይ የሆነው አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሕንፃ እንዳይሠራ ስለተሟገተ ነው። እኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሕንፃ እንዴት እንደሚሠራ እንጂ የት እንደማይሠራ የሚያስተምር ኮርስ ስንት ክሬዲት አለው?

ኒውዮርክንም በዚሁ መንገድ ማየት ይቻላል። እነዚያ እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ እየገቡ የሚወጡ የድሮ ፎቆች፣ የክራይስለር ሕንፃም ሆነ በ1931 የተመረቀው ኢምፓየር ስቴት፣ ቅርጻቸው ከአርክቴክቱ ጭንቅላት ብቻ አልመጣም። በ1915 ኢኩዊተብል የሚባል ሕንፃ ከመንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወጥቶ አካባቢውን ጨለማ ስላደረገው በ1916 ሕግ ወጣ፤ ሕንፃ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ ይሽሽ፣ መንገዱ ላይ ብርሃን ይድረስ ተባለ። የእኔ ፎቶ ቤት ሸራ ላይ የነበረው የማንሃተን ቅርጽ፣ የጎበጠውን ትቼ፣ ለእግረኛው ፀሐይ ሲባል የመጣ ነው ማለት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከነጭራሹ ስካይላይን የላትም፤ የ1910ሩ ሕግ የሕንፃውን ቁመት ከመንገዱ ስፋት ጋር አስሮታል። ከተማ ሳትባል ግን አልቀረችም። የእኛ ሰዎች በብዛት የሚኖሩባት መሆኗን ታውቃላችሁ፤ ከዚያ የሚመጣ ሰው "ፎቅ የለም እኮ" ብሎ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም።

ጆሃንስበርግ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚያ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሆነው። በ1973 የተሠራው ካርልተን ሴንተር 50 ፎቅ፣ 223 ሜትር ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ የአፍሪካ ረጅሙ ሕንፃ ሆኖ ቆይቷል። ስካይላይኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ታች ያለው ነው። በ1990ዎቹ ትልልቆቹ ድርጅቶች ወደ ሳንድተን ሸሹ፤ የአክሲዮን ገበያው ራሱ በ2000 ለቆ ወጣ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ከተማው እንዳለ ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ ፎቅ ሆነ። ከዚያ ማን ገባ? ጄፒ ጎዳናን ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፤ አሁን ስሙ ራሂማ ሙሳ ተብሏል። በፊት የሐኪሞች ክፍል የነበሩ ፎቆች በእኛ ልጆች ሱቅ ተሞሉ። ኮሪደሩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ መጋረጃ ተሰቅሎ ይሸጣል፤ አንዱ ፎቅ ላይ ጅምላ፣ አንዱ ፎቅ ላይ ቡና ቤት። መርካቶ በሊፍት ወጣ ማለት ነው! ዝርፊያው፣ ጥቃቱና እሳቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሞተ የተባለን መሀል ከተማ ስደተኛ ነጋዴ ነው ያቆየው። ስለ ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ የሚወራው ሁሉ ክፉ ነው፤ እኔ ግን ከሚገባው በታች ከሚወራላቸው ውስጥ እመድበዋለሁ።

ወደ ቤታችን ልመለስና ስለ አዲስ አበባ ላውራ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እንደ ጦር ሰፈር ነው የተዘረጋችው። ቤተ መንግሥቱ በአንዱ ኮረብታ፣ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው በየኮረብታቸው፣ አሽከሮቻቸው በዙሪያቸው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ የምንለው የዚያ ቅሪት ነው። በዚህ ምክንያት ከተማችን መሀል አንድ ብቻ ኖሯት አያውቅም። ፒያሳ አለ፣ መርካቶ አለ፣ አራት ኪሎ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ። እንግዳ "ዳውንታውኑ የት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ለመልስ የምንቸገረው ለዚህ ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። አንዱ ሰፈር ቢታመም ከተማው አይሞትም፤ ጆሃንስበርግ ላይ የሆነው እኛ ጋ በቀላሉ አይሆንም።

አሁን ግን አንድ መሀል ልናበጅ የፈለግን ይመስላል። ሰንጋ ተራና አካባቢው የባንኮች ሰፈር ሆኗል። ንግድ ባንክ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ያስመረቀው ሕንፃ ከየትም ይታያል፤ እንጦጦ ወጥተህ ዞር ስትል መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በዙሪያው የግል ባንኮቹ ተኮልኩለዋል። ማታ መብራታቸው ሲበራ ያምራል፣ አልዋሽም። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ወደ ስታዲየሙ በኩል ሳይ ኩራት የሚመስል ነገር ይሰማኛል። ያ ደረጃም የእኛ ኡሁሩ ፓርክ ነው፤ በጠዋት ስፖርት የሚሠራው ሰው ሁሉ ስካይላይኑን በነፃ እያየ ነው የሚሮጠው።

ነገር ግን ባለፈው ሴሚስተር አምስት ሆነን ለስቱዲዮ ሥራ የአንድ ረጅም ሕንፃ መግቢያ ልንሥል ሄድን። የማን እንደሆነ ይቅር። ከፊት ለፊቱ በእብነ በረድ የተሠራ ሰፊ ደረጃ አለ። ቁጭ ብለን ወረቀታችንን እንደዘረጋን በዕድሜ ገፋ ያሉ ጥበቃ መጡ።

"ልጆች፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው።"

"ጋሼ፣ ተማሪዎች ነን፤ እየሣልን እኮ ነው።"

"ገብቶኛል ልጄ። ለእኔም ወንበር የለኝም፤ ቆሜ ነው የምውለው።"

ተነሣን። መንገድ ተሻግረን ጥላ ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጥንና ከዚያ ሣልነው። እዚያ ተቀምጠን ያየነው ነገር ከሥዕሉ ይበልጥ ጠቀመን። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ክራባት ያሰሩ ሠራተኞች ከሕንፃው ይወጡና እንደ እኛው መንገድ ይሻገራሉ። ምሳ የሚበሉት ከኋላ ባለው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቡና የሚጠጡት እኛ ጎን ነው። ጫማቸውን የሚያስጠርጉት ጥጉ ላይ ካለው ሊስትሮ ነው። ሕንፃው ራሱ በምድር ቤቱ የሚሰጣቸው ነገር ቢኖር የራሱን ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ነው። ያ ቆርቆሮ ቤትና ያቺ ጥላ ባይኖሩ ያን ሁሉ ሰው ማን ያበላዋል? ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ በዚያ በኩል ስታልፉ የምትሰሙት የጄኔሬተርና የጥበቃ ድምፅ ነው። ፒያሳ በዚያ ሰዓት ገና መጀመሯ ነበር።

ስለዚህ በድፍረት ልናገር፤ ሰንጋ ተራ ከሚገባው በላይ እየተወራለት ነው። ስካይላይን ሆኗል፣ መሀል ከተማ ግን ገና አልሆነም።

ስለ መስታወቱም ዝም ብዬ አላልፍም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋት ይበርዳል፣ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ጥላ ውስጥ ደግሞ መልሶ ይቀዘቅዛል። መስኮት መክፈት የሚበቃበት አገር ነው። እኛ ግን ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች በማይከፈት መስታወት ሸፍነን ውስጡን በማሽን እናቀዘቅዛለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፎቶው ላይ ዱባይ እንዲህ ነው የምትመስለው። በ1950ዎቹ የተሠሩትን የቸርችል ጎዳና ሕንፃዎች እዩ። መስኮታቸው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ የፀሐይ መከላከያ አላቸው። ሄንሪ ሾሜ የሠራው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ አሁን ከአዲሱ ፎቅ ሥር ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የሠራው ማዘጋጃ ቤት በ1957 ዓ.ም. ተመርቆ እስከ ዛሬ ከኮረብታው ላይ መንገዱን ቁልቁል ያያል። ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ያለው ያ ቁልቁለት፣ ለእኔ፣ ከ209 ሜትሩ ይበልጣል። አንድ መንገድ ሙሉ ከተማ ሲያሳይህ!

እዚህ ላይ የዶርም ጓደኛዬ ጽሑፉን በረቂቁ አንብቦ የተናገረኝን መደበቅ አልፈልግም። እሱ የተወለደው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ቤተሰቡ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። "አንተ ስለ ፒያሳ የምትጽፈው ኬክ ልትበላ የምትመጣበትን ፒያሳ ነው" አለኝ። "እኛ አሥራ አንድ ቤተሰብ በአንድ መፀዳጃ ቤት ነበር የምንጠቀመው። ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ አልጋ ስታዞር ነበር የምታድረው፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ። ያንተ መሀል ከተማ የእኛ ችግር ነበር።"

መልስ አጣሁ። ትክክል ነው። ፒያሳም ከሚገባው በላይ ሊወራላት ይችላል፤ እኛ ከውጭ የምንመጣው ሰዎች ናፍቆት ራሱ አንድ ዓይነት የፎቶ ቤት ሸራ ነው። ስለዚህ "ምንም አይፍረስ" የሚል ጽሑፍ አይደለም የጻፍኩት። ግን ጓደኛዬን መልሼ ጠየቅሁት፤ "አሁንስ?" አልኩት። አሁን መፀዳጃ ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ጣሪያውም አያፈስም። እናቱ ግን ደጃቸው ላይ እንጀራ ይሸጡ ነበር፤ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ደንበኛ የላቸውም። ከተማ ለመምጣት ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። የሠፈሩ ቤት መታደስ እንዳለበት ካመንን፣ ቀጥሎ መጠየቅ ያለብን እንጀራ ሻጯ አዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ቦታ አላት ወይ የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስም ነበረ። ለእነዚህ ቦታዎች ሕንፃ የሚሥለው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ እኛው ነን።

እስኪ የራሳችንን የጁሪ ግድግዳ እንመልከት። ሁላችንም የምንለጥፈው መጀመሪያ ትልቁን ሥዕል ነው፤ ማታ፣ መብራት በርቶ፣ ከሩቅ፣ ከየትኛው አውሮፕላን ላይ እንደሚታይ በማይታወቅ አቅጣጫ። ታች ላይ የምናስቀምጣቸው ሰዎች ደግሞ ከኮምፒውተር የተገኙ ናቸው። ቢጫ ጸጉር ያላት ሴት ውሻ እየጎተተች በሰንጋ ተራ ታልፋለች። አንድ ልጅ ፊኛ ይዟል። ባለፈው ጁሪ ላይ ብስክሌት የያዘ ሽማግሌ ፈረንጅ በሦስት ተማሪ ሥራ ላይ አየሁት፤ ሰውዬው አዲስ አበባን ከእኔ በላይ ሳያውቃት አይቀርም። ሊስትሮ የሣለ የለም። ጥላ የዘረጋች ቡና ሻጭ የለችም። ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ የለም። እኔም ራሴ አልሣልኩም፤ የሌላውን ብቻ እየነቀፍኩ አይደለም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚመጣው ሴሚስተር ከእያንዳንዱ ረጅም ሕንፃ ሥራ ጋር አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቅ። የሕንፃው እግር፣ በአንድ ለሃምሳ ስኬል፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ። ማን የት ይቀመጣል፣ ማን ምን ይሸጣል፣ በ100 ብር ምን ይበላል፣ ጥላው በታኅሣሥ ወር በየትኛው መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ጥበቃው ወንበር አለው ወይ። ለዚህ ወረቀት ቢያንስ ለማታው ሥዕል የሚሰጠውን ያህል ማርክ ይሰጠው። ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ አንዴ ይሞክረው፤ እኔ ከዚያ ከቡና ሻጯ ጎን ተቀምጬ ስሞክር ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

የዱባዩ ጓደኛዬ መልስ እየጻፈ መሆኑን ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው እትም ይውጣና እናንብበው። ስለ ቁመቱ ከሆነ ግን ባይደክም ይሻላል፤ 828 ሜትር መሆኑን አምኛለሁ።